«በሕግ አምላክ!» ያላለው የሕግ ሰው

ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ፣ ከሁለቱ አንዱ ወይም በዚያ የሚያልፍ ሦስተኛ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ እዚያው አየር ላይ ይቀራል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባል የለ! ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ፖሊስ ሳይነዳቸው፣ ዳኛ ፍለጋ ጎን ለጎን ሲሄዱ ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች ተገርመው ጽፈዋል። እስቲ እኛም አንድ ጊዜ እንገረምና እንጠይቅ። ሰውየው ለምን ቆመ? የጮኸበት ሰው ጠመንጃ አልያዘ፣ ማዕረግ የለው። ያስቆመው ሕጉ ነው እንዳንል፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ሕጉን አላነበቡትም። ያስቆመው የሕጉ አምላክ ነው። ከሕግ በላይ ሌላ ነገር አለ፤ ሕግን ሕግ የሚያደርገውም እሱ ነው ማለት ነው።

አሁን አምላክን ከመሐላው አውጡት። «በሕግ!» ብቻ በሉ። ሰውየው ይቆማል?

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲያብላላ የኖረ ሰው ነበር፤ ሐንስ ኬልሰን ይባላል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ የሕገ መንግሥት ሊቅ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የለም፣ የሕግ ባለሙያዎችን እጅና እግር አስሮ ለአምባገነኖች ያስረከበ እሱ ነው የሚሉም አሉ። የሕይወት ታሪኩን እዚህ የማነሣው ለዝክር አይደለም። ውስጡ አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ስላለበት ነው። ሕግ አዋቂ ሰው ጉልበተኛ ፊት ሲቆም ሥራው ምንድነው? «ሕጉ ይህ ነው» ብሎ ማስረዳት ብቻ? ወይስ «ይህማ ሕግ አይደለም» ማለት?

የኬልሰን ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነው። የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ቀጣችሁ እንበል። «ለምን እከፍላለሁ?» ብትሉት ደንቡን ይጠቅስላችኋል። ደንቡንስ ለምን ላክብር? አዋጁ ስለፈቀደ። አዋጁንስ? ፓርላማው ስላወጣው። ለፓርላማውስ ማን ሥልጣን ሰጠው? ሕገ መንግሥቱ። ሕገ መንግሥቱንስ ለምን እናከብራለን? እዚህ ላይ መሰላሉ ያልቃል። አንዱ «እግዚአብሔር ስላዘዘ» ይላል፣ ሌላው «ሕዝብ ስለፈቀደ»፣ ሌላው ደግሞ «ፍትሐዊ ስለሆነ» ይላል። ኬልሰን ሦስቱንም አልልም አለ። የሕግ ሳይንስ ሊል የሚችለው፣ ሕገ መንግሥቱ መከበር አለበት ብለን እንነሣለን የሚለውን ብቻ ነው። ይህችን መነሻ «መሠረታዊ ደንብ» ይላታል። ማንም አላወጃትም፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይም አልወጣችም። የምትቆመው ሥርዓቱ በጠቅላላው የሚሠራ፣ ሰዉም በአብዛኛው የሚገዛለት እስከሆነ ድረስ ነው። አሮጌው ሥርዓት ተገልብጦ አዲሱ ከጸና መነሻዋም አብራ ትለወጣለች። አዲሱ ጥሩ ነው አላለም፤ መጥፎ ነውም አላለም። ሕግ ነው አለ፣ አበቃ። በ1934 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «ንጹሕ የሕግ ንድፈ ሐሳብ» ነው (ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ ነገር ካላወራሁ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ንጹሕ ያለው ሕጉን አይደለም፤ የሕጉን ጥናት ነው። ጥናቱ ከፖለቲካና ከስብከት ይጽዳ ማለቱ ነው። ይህን ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ሰውየው ከየት መጣ? በ1881 ፕራግ ውስጥ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ቪየና ገባ። አባቱ በመብራት ሥራ የሚተዳደር አይሁዳዊ ነበር። አገሪቱ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ናት፤ ጀርመኑ፣ ሃንጋሪው፣ ቼኩ፣ ፖላንዱ፣ ክሮአቱ፣ ካቶሊኩ፣ አይሁዱ፣ ሙስሊሙ በአንድ ዘውድ ሥር። ኬልሰን ኋላ ወደኋላ ዞሮ ሲያስታውስ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ አንድ የሚያደርገው ዘርም፣ ቋንቋም፣ ሃይማኖትም፣ ታሪክም ሊሆን እንደማይችል ያየው እዚያው አገሩ ላይ እንደነበር ጽፏል። የቀረ ማሰሪያ ቢኖር ሕግ ብቻ ነው። (ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። እኔም ቆሜያለሁ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

ማሰሪያው ሲበጠስም በዓይኑ አየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የጦር ሚኒስትሩ የሕግ አማካሪ ነበር። በ1918 መገባደጃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያ ሁሉ ግዛት ፈራረሰ፤ የዘመናት ሕግ ነው የተባለው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «መሠረታዊ ደንብ» የሚለው ነገር ከመማሪያ ክፍል ብቻ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ። ወዲያው የአዲሲቱ ሪፐብሊክ መሪ ካርል ሬነር ሕገ መንግሥት በማርቀቁ ሥራ እንዲያግዝ ጠራው፤ ጥቅምት 1 ቀን 1920 ጸደቀ። የኬልሰን እጅ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነው። አሜሪካኖች ዘንድ ማንኛውም ዳኛ ከሕገ መንግሥቱ የሚጋጭ ሕግ ሲገጥመው አልሠራበትም ማለት ይችላል። ኬልሰን ግን ለዚህ ሥራ ብቻ የተቋቋመ፣ ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ጨርሶ መሻር የሚችል ልዩ ፍርድ ቤት አሰበ። ዛሬ ከጀርመን እስከ ስፔን፣ ከጣሊያን እስከ ደቡብ አፍሪካ የምናያቸው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶች የዚህ ሐሳብ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ናቸው። እሱም ራሱ ቪየና ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ።

እዚያ ወንበር ላይ የገጠመው ጣጣ ደግሞ ስለ ትዳር ነው። በ1811 በወጣው የኦስትሪያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በካቶሊክ ሥርዓት ያገባ ሰው ከሚስቱ ተለያይቶ መኖር ይችላል እንጂ እሷ በሕይወት እያለች ሌላ ማግባት አይችልም፤ ሴቲቱም እንዲሁ። ከጦርነቱ በኋላ የታችኛው ኦስትሪያ ገዥ የነበረው ሶሻል ዴሞክራቱ አልበርት ሴቨር ሕጉ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አገኘ። የአስተዳደር ባለሥልጣን ሰውን ከጋብቻ መሰናክል ነፃ ሊያደርግ ይችላል የምትል። እሱም በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ፈቃድ ሰጠ። አገቡ፤ ወለዱ፤ ቤት ሠሩ። መደበኛዎቹ ፍርድ ቤቶች ግን ጋብቻዎቹን ፈራሽ ናቸው ማለት ጀመሩ። አስቡት እንግዲህ፤ መንግሥት በአንድ አፉ «አግቡ» ይላል፣ በሌላ አፉ «ያገባችሁት ትዳር አይደለም፣ ልጆቻችሁም ከጋብቻ ውጭ ናቸው» ይላል። ጉዳዩ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደረሰ። በ1927 ፍርድ ቤቱ፣ የአስተዳደር ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ መደበኛ ፍርድ ቤት ዋጋ ሊያሳጣው አይችልም አለ። ከውሳኔው በስተጀርባ ኬልሰን እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ለባለትዳሮቹ አዝኖ ነው ብትሉ እሱ አይቀበላችሁም። ነገሩ የሥልጣን ወሰን ነው፤ አንዱ የመንግሥት አካል የሠራውን ሌላው አያፈርስም፤ በቃ። ካቶሊኮቹ ፖለቲከኞችና ጋዜጦቻቸው ግን የቅዱስ ጋብቻ ጠላት አድርገው ዘመቱበት፤ ትውልዱም ተነሣበት። (በ1905 ካቶሊክ፣ በ1912 ደግሞ ሉተራን ሆኖ ነበር። ለዘመቻው ይህ ምንም አልነበረም።) በ1929 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ፍርድ ቤቱ «እንደገና ተደራጀ»፤ የዕድሜ ልክ ሹመት የነበራቸው ዳኞች ተሰናበቱ። «እንደገና ማደራጀት» የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሶሻል ዴሞክራቶቹ በእነሱ ኮታ ወደ አዲሱ ፍርድ ቤት እንዲገባ ቢጠይቁት አይሆንም አለ። በፓርቲ ኮታ የተቀመጠ ዳኛ ምን ዓይነት ዳኛ ነው? ሻንጣውን ይዞ በ1930 ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄደ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ወንበሩን እምቢ ያለው በየትኛው ሳይንስ ነው? ንጹሑ ንድፈ ሐሳብ እንዲህ አድርግ አይልም። እምቢ ያለው ሰውየው ራሱ ነው።

በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ ትልቅ ክርክር ነበር። ሕገ መንግሥቱን ማን ይጠብቀው? ካርል ሽሚት የሚባል ብዕሩ የተሳለ የሕግ ሊቅ፣ ጠባቂው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ ፓርቲዎች ሲናቆሩ ከሁሉም በላይ ሆኖ አገር የሚያድን እሱ ነው ይላል። ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ነበረው። ኬልሰን በ1931 መለሰለት። ሕገ መንግሥቱን ለመጣስ ዕድሉም አቅሙም ያለው ባለሥልጣን የሕገ መንግሥቱ ጠባቂ ከሆነ፣ በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብለን የተውነውን፣ ሽሚት በተራቀቀ ጀርመንኛ ትክክል ነው እያለ ነበር።

ሁለቱ ባላንጣዎች ኮሎኝ ላይ ተገናኙ። ሽሚት እዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር ኬልሰን የፋኩልቲው ዲን ነበር፤ በሐሳብ እንደማይስማሙ እያወቀ አልተቃወመም። ጥር 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሚያዝያ ላይ ኬልሰን ከሥራ መታገዱን ያወቀው ከጋዜጣ ላይ አንብቦ ነው። የፋኩልቲው ባልደረቦች ይመለስልን ብለው አቤቱታ ጽፈው ፈረሙ። አንድ ሰው ብቻ አልፈርምም አለ፤ ሽሚት። በማግስቱ ወር የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ።

ከዚህ በኋላ የኬልሰን ኑሮ የስደት ኑሮ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ጄኔቫ ገባ። በ1936 በተወለደባት ፕራግ በጀርመንኛው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር ብሔርተኛ ተማሪዎች ክፍሉን በጠበጡበት፤ ዛቻውም በረታ። በ1940፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ከባለቤቱ ጋር አሜሪካ ወረደ። በመጀመሪያ ሐርቫርድ፣ ከዚያ ካሊፎርኒያ በርክሊ። የዓለም የሕገ መንግሥት ሊቅ በርክሊ ላይ ወንበር ያገኘው በሕግ ትምህርት ቤት ሳይሆን በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ነው። በ1973 እዚያው ካሊፎርኒያ ሞተ።

እንግዲህ ክሱን እንስማው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎች እንዲህ አሉ፦ የጀርመን ዳኞች በሂትለር ሕግ ሲፈርዱ የኖሩት «ሕግ ሕግ ነው» ተብለው ስለተማሩ ነው፤ ክፉን ሕግ ሕግ አይደለህም የሚሉበት አንደበት አልነበራቸውም። ኬልሰንም ለዚህ መሸሸጊያ አልሠራም። የናዚ መንግሥት ሕግ ሕግ ነበር፤ ልናዝንበት እንችላለን፣ አልነበረም ልንል ግን አንችልም ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ያባረሩትን ሰዎች ሕግ ሕግ አይደለም ብሎ መገላገል ይችል ነበር። አላደረገውም።

ለእኔ ግን ክሱ የተሳሳተ ሰው ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል። ሰኔ 30 ቀን 1934 ሂትለር ተቀናቃኞቹን ያለ ፍርድ አስገደለ። ከአንድ ወር በኋላ አልገባኝም ወይም አላውቅም ሳይሆን፣ መሪው ራሱ የፍትሕ ጠባቂና ከፍተኛ ዳኛ ነው ብሎ በሕግ መጽሔት የጻፈው ማን ነው? «ሕግ ሕግ ነው» ባዩ ኬልሰን አይደለም። ከደረቅ ሕግ በላይ ፍትሕ አለ ባዩ ሽሚት ነው። ለግድያው ሕጋዊነት ብቻ አልሰጠውም፤ ቅድስናም ጨመረለት። እኛም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ «አብዮታዊ እርምጃ» የሚል ስም ተሰጥቶት አልነበር? የዚያን ዕለት ከሁለቱ ዓይነት ምሁር የትኛው ቢኖረን ይሻለን ነበር? የኬልሰን ዓይነቱ «ጉልበት አላችሁ፤ ያወጣችሁት ሁሉ ሕግ ይባል ይሆናል፤ ፍትሕ ነው ብዬ ግን አልመሰክርላችሁም» ይላል። ያንሳል? አዎ ያንሳል። ግን ይህችን ታህል እንኳ ያለው ስንቱ ነው?

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ፓኪስታን አለች። ጥቅምት 7 ቀን 1958 ፕሬዚዳንት እስክንድር ሚርዛ ሕገ መንግሥቱን ሻሩና ወታደራዊ አገዛዝ አወጁ። ሃያ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛ መሐመድ ሙኒር መሪነት፣ የኬልሰንን ስም ጠቅሶ የተሳካ አብዮት በራሱ የሕግ ምንጭ ነው ሲል አጸደቀላቸው። በዚያው ዕለት ማታ ጄኔራል አዩብ ኻን ሚርዛን ራሳቸውን ከሥልጣን አባረሯቸው! «ጸንቷል» የተባለው ሥርዓት ባለቤት ሌሊቱን እንኳ አላደረም። በ1966 ኦቦቴ የኡጋንዳን ሕገ መንግሥት ሲሽሩም የዚያ አገር ፍርድ ቤት ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ በ1971 ኢዲ አሚን መጡ። ፓኪስታን በ1972 የሙኒርን ውሳኔ ራሷ ሻረችው፤ ሰዉ ግን እስከዚያ ሁለት ጊዜ በወታደር ተገዝቶ ነበር።

ኬልሰን ይህን አልፈለገም ማለት ይቻላል። ሐኪም ስለ መርዝ ጽፎ ሌላው ሰው ቢያጠጣበት ጥፋቱ የማን ነው? ይህ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። ፕሮፌሰሩ በርክሊ ተቀምጦ «አዲሱ ሥርዓት ከጸና አዲስ ሕግ ተወለደ» ሲል ተመልካች ነው። ዳኛው ግን ተመልካች አይደለም። «ጸንቷል» ብሎ ሲፈርድ የሚያጸናው እሱ ነው! ውጤቱን እያየ አይደለም፤ ውጤቱ ውስጥ ገብቶ እየገፋ ነው። ሙኒር የኬልሰንን መነጽር ተውሶ የራሱን እጅ እንዳያይ አደረገበት። የንድፈ ሐሳቡ ጉድለት፣ ካለ፣ እዚህ ነው ያለው። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው «አሁን ምን ላድርግ?» ሲል የሚመልስለት ነገር የለውም። ንጹሕነቱ ለጥናት ቤት የተሰፋ ልብስ ነው፤ ፍርድ ቤት ለብሰውት ሲገቡ ራቁት ያስቀራል።

የእኛስ? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደበት በአዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ ከአዋጁ የማይጋጩ ነባር ሕጎች ግን በሥራ ላይ ይቆያሉ አለ። ኬልሰን ያን ጊዜ ከሞተ ዓመት አልፎታል እንጂ አይቶት ቢሆን፣ እንዳልኩት ሆነ ይል ነበር፤ መሠረቱ ተለውጦ ግድግዳው በቦታው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዘውዱ ወርዶ፣ ደርግ ወርዶ፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄዶ፣ ዛሬም በውል ጉዳይ እንከራከርበታለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የመተርጎሙን ሥልጣን ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አልሰጠም፤ በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። የሕግ ባለሙያዎቹ የሚገኙበት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ አጥንቶ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት በፖለቲካ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ሰነዱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም እነሱ ይሁኑ የሚለው መከራከሪያ ተራ መከራከሪያ አይደለም። ኬልሰን ሽሚትን የጠየቀው ጥያቄ ግን አሁንም ከደጃችን አልሄደም፦ የሚፈርደው የሚፈረድበት ሰው አይደለም ወይ?

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሰበብ ምርጫው ሲራዘምና የምክር ቤቱ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ፣ የሕገ መንግሥት ምሁራን በአጣሪ ጉባዔው ፊት ቀርበው አስተያየት ሲሰጡ በቴሌቪዥን አየን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ ወር ወሰነ። ስለ ውሳኔው ትክክለኛነት እዚህ አልከራከርም። እኔን የያዘኝ የአነጋገር ነገር ነው። «ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ይላል» እና «እኔ እንዲህ ቢሆን ይሻላል እላለሁ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያ መድረክ ውጭም በየጋዜጣውና በየሻይ ቤቱ፣ በአንድ ድምፅ ሲነገሩ ነው የሰነበቱት። ለመንግሥት የቆመውም፣ በተቃራኒው የቆመውም። ምኞቱን በሕግ ድምፅ የሚናገር ምሁር ሁለት ጊዜ ያተርፋል፤ ሐሳቡን ያስገባል፣ ኃላፊነቱን ደግሞ ለአንቀጹ ያሸክማል። ኬልሰን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ይህችን ብልጠት ነው።

ለራሱ ምኞት ግን አፍ አልነበረውም ማለት አይደለም። ስለ ዴሞክራሲ በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከዮሐንስ ወንጌል የጲላጦስን ታሪክ ያነሣል። «እውነት ምንድነው?» ብሎ የጠየቀው ሮማዊ እውነትን ስለማያውቅ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ ሕዝቡም በርባንን መረጠ። ይህ በዴሞክራሲ ላይ የሚቀርብ ከባድ ማስረጃ ነው፤ ኬልሰን አልሸሸውም። ማስረጃውን እቀበላለሁ፣ አለ፤ ግን የራሳችሁን የፖለቲካ እውነት የእግዚአብሔር ልጅ የራሱን ባወቀበት እርግጠኝነት የምታውቁ ከሆነ። (የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስን ከቅዱሳን እንደምትቆጥረው የነገረው ሰው ይኖር ይሆን?)

በ1952 በርክሊ ላይ ጡረታ ሲወጣ የስንብት ንግግሩን ያደረገው «ፍትሕ ምንድነው?» በሚል ርዕስ ነው። ከፕላቶ ጀምሮ አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሁሉም እንዳልመለሱት አሳየ። በመጨረሻም፣ እኔም ፍጹሙን ፍትሕ አላውቀውም አለ። የሚያውቀው ለእሱ ፍትሕ ምን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ሥራው ሳይንስ ስለሆነም፣ ሳይንስ የሚያብብበት፣ ከሳይንስ ጋርም እውነትና ቅንነት የሚኖሩበት የነፃነት፣ የሰላም፣ የዴሞክራሲና የመቻቻል ፍትሕ መሆኑን ተናገረ። ሰባ ዓመቱ ነበር። ቪየናን፣ ኮሎኝን፣ ፕራግን ለቆ የመጣ ሰው ነው። «ለእኔ» የምትለዋን ቃል ግን አልተዋትም።